የነጋዴው ደብዳቤና መዝገብ በማን እጅ ነው? ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የቀረበ ማብራሪያ

ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ስካይፕ የተባለው የኢንተርኔት መነጋገሪያ ተዘጋ። ይህ አገልግሎት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ተጀምሮ፣ በ2011 የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ በ8.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ሲሆን፣ ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር ለመነጋገር የስልክ ዋጋ ለሚከብደው ነጋዴ ሁሉ ለብዙ ዓመታት እፎይታ ሆኖ ቆይቷል። የተዘጋውም ተበላሽቶ አይደለም፤ ባለቤቱ ቲምስ የሚባል ሌላ መሣሪያ ስላለውና ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆየት ስላልፈለገ ነው። ኩባንያው በገዛ ንብረቱ ላይ የወሰነ ስለሆነና ቀኑንም አስቀድሞ ስላስታወቀ፣ በዚህ ረገድ የሚወቀስበት ምክንያት አይታየንም።

ለነጋዴው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ትቶለት አልፏል። ከገዢ ጋር የተደረገ የዋጋ ስምምነት፣ ስለ ናሙና የተሰጠ መግለጫ፣ የጭነት ቀን መለወጡን የሚያስረዳ መልእክት፣ ይህ ሁሉ በሌላ ሰው ቤት ተቀምጦ ሳለ የቤቱ ጌታ «ከዚህ ቀን በኋላ በሩ ይዘጋል» ቢል ነጋዴው ምን ይዞ ይቀራል? የደብዳቤውን ግልባጭ በፋይል እያኖረ የኖረ የድሮ ነጋዴ እንዲህ ያለ ሥጋት አልነበረበትም። የዛሬው ነጋዴ ደብዳቤውን፣ የዕቃ ቤት መዝገቡንና የደንበኞቹን ሒሳብ የሚያኖረው በሶፍትዌር ውስጥ ነው፤ የሶፍትዌሩ ባለቤት ማን እንደ ሆነና መብቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠይቆ አያውቅም።

በዚህ ጽሑፍ ኦፕን ሶርስ፣ በአማርኛም ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ለደብዳቤ መጻጻፍና ለፕሮግራም ሥራ ምን እንደሚጠቅም፣ የትኛውም ቦታ ላይ እንደማይጠቅም፣ ለንግዱ ማኅበረ ሰብ እንደሚስማማ አድርገን ለማስረዳት እንሞክራለን። የውጭ አገር ታሪኮችን ስንጠቅስ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

ማናቸውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ባለሙያ የሚጽፈው፣ ሌላውም ባለሙያ አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ነው፤ ይህም ሶርስ ኮድ ይባላል። ሁለተኛው ከዚሁ ጽሑፍ ተለውጦ ኮምፒዩተሩ ብቻ የሚያነበው ነው። ነጋዴው ገንዘብ ከፍሎ የሚረከበው በብዙው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ይህም ሻጩ ብቻ ከፍቶ ሊመረምረው የሚችል የታሸገ ሚዛን እንደ መግዛት ይቆጠራል፤ ሚዛኑ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ባይሆንም ግን ገዢው ለማወቅም ለማስተካከልም ሥልጣን የለውም። ክፍት ምንጭ በሚባለው ሶፍትዌር ግን ጽሑፉ ከፈቃድ ጋር ለተጠቃሚው ይሰጣል። በፈቃዱም መሠረት ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ ሊያውለው፣ አሠራሩን ሊመረምርና ሊለውጥ፣ ገልብጦ ለሌላው ሊሰጥ፣ ያሻሻለውንም ሊያሰራጭ ይችላል።

በእኛ ቋንቋ «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ያለው በመሆኑ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በነጻ የተሰጠ ሶፍትዌር ሁሉ ነጻ ሶፍትዌር አይደለም። ዋጋ ሳይጠየቅበት የተሰጠ ፕሮግራም ነገ ዋጋ ሊቈረጥለት፣ ከነገ ወዲያም ሊነሣ ይችላል። ነጻነቱ ያለው በዋጋው ሳይሆን በፈቃዱ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

አሳቡ የተነሣው በአሜሪካ አገር ከአንድ የማተሚያ መሣሪያ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ነበር። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ በሥራ ክፍሉ የነበረው ማተሚያ ወረቀት በያዘው ቊጥር ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። በኋላ ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ ማተሚያ ሲመጣ ግን ሶርስ ኮዱ አብሮ አልመጣም፤ ኮዱ ያለውን የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ቢጠይቅም ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜአለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ሥራ መጀመሩን ዐወጀ፤ በ1985 የነጻ ሶፍትዌር ድርጅትን አቋቋመ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ወጣ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ጀመረ። ኦፕን ሶርስ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1998 ነው። ዛሬ አብዛኛው የኢንተርኔት ሰርቨር በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን፣ በየሰው ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክም ሥረ መሠረቱ ይኸው ነው። እንግዲህ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አልተጠቀምኩም የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ ሳያውቀው ሲጠቀም ኖሯል ማለት ነው።

በዋጋና በመብት መካከል ያለውን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የራሳቸው የሊኑክስ ሠሪዎች ታሪክ ነው። ሊኑክስን የሚጽፉት በብዙ አገር ተበታትነው የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ስለሆኑ፣ ማን ምን መስመር መቼ እንደ ለወጠ የሚመዘግብላቸው መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። ከ2002 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው። ኩባንያው ለሊኑክስ ሠሪዎች ያለ ክፍያ ፈቅዶላቸው ነበር፤ ሶርስ ኮዱን ግን አልሰጣቸውም። ከመካከላቸው ይህ ነገር ውሎ አድሮ ያስቸግራል ያሉ ነበሩ፤ መሣሪያው ግን ጥሩ ነበርና ሥራው ቀጠለ። በ2005 በአንድ ባለሙያና በኩባንያው መካከል ክርክር ተነሣ፤ ባለሙያው የመሣሪያውን አነጋገር አጥንቶ የሚስማማ ሌላ ፕሮግራም ለመሥራት በመሞከሩ ኩባንያው ያለ ክፍያ የሰጠውን ፈቃድ አነሣ። የዓለም ትልቁ የጋራ የፕሮግራም ሥራ መዝገብ አልባ ሆነ።

ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ የራሱን መዝገብ ያዥ መጻፍ ጀመረ። ስሙንም ጊት አለው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ጽሑፍ መመዝገብ ቻለ፤ በሰኔ ወርም አዲሱ የሊኑክስ እትም በጊት ተመዝግቦ ወጣ። ጊት ሲወጣ ፈቃዱ ጂፒኤል ስለ ነበረ፣ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ የጥበቃው ኃላፊነት ጁኒዮ ሃማኖ ለተባለ ሌላ ባለሙያ ሲተላለፍ ሥራው አንድም ቀን አልተቋረጠም። ዛሬ በዓለም ላይ የሚጻፈው ፕሮግራም አብዛኛው በጊት ይመዘገባል። ቢትኪፐር ግን ሶርስ ኮዱን ለሕዝብ የከፈተው በ2016 ነበር፤ ያን ጊዜ ገበያው ካለፈው ቈይቷል።

ነጋዴ ይህን ታሪክ ሲያነብ የሚመለከተው ሒሳብ ይህ ነው፦ ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገዛ ሰው ዋጋውንም ጊዜውንም የሚወስንለት አቅራቢው ነው። የክፍት ምንጭ ፈቃድ የያዘ ሰው ግን አቅራቢው ቢሸጥ፣ ቢከስር፣ ወይም አሳቡን ቢለውጥ፣ ጽሑፉን ይዞ ወደ ሌላ ባለሙያ ይሄዳል። ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ2010 ሰን ማይክሮሲስተምስን ሲገዛ፣ ኦፕን ኦፊስ የተባለውን የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች በመጪው ጊዜ ላይ እምነት በማጣታቸው፣ በዚያው ዓመት ጽሑፉን ይዘው ወጥተው ሊብረ ኦፊስን መሠረቱ። ተጠቃሚዎቹ ፋይላቸውን እንደ ያዙ ተሻገሩ።

በአገራችን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ይጨመርበታል። የታወቁት የቢሮ ሶፍትዌሮች በየወሩ ወይም በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር ያልተለወጠው ክፍያ በብር ምን ያህል እንደ ጨመረ አስመጪ ለሆነ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚወጣው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ለሚተክለውና ለሚጠብቀው ባለሙያ የሚከፈል ነው፤ ባለሙያውም የአገር ልጅ ሊሆን ስለሚችል ክፍያው በብር ነው። ወጪ የለውም ማለታችን ግን አይደለም። ባለሙያ ሳይቀጥሩ ያለ ክፍያ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ባለ መደብር ደስታው የሚቈየው ሰርቨሩ እስከሚቆምበት ቀን ድረስ ብቻ ነው።

ወደ ደብዳቤው ጉዳይ እንለፍ። የኢሜይል ታላቅነቱ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ደብዳቤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ደንብ በ1982 በይፋ ታትሞ ወጥቶ፣ ማንም እንዲሠራበት የተተወ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ላኪ ሐምቡርግ ላለ ገዢ ሲጽፍ ሁለቱ የአንድ ኩባንያ ደንበኞች መሆን የለባቸውም። ፖስትፊክስና ዳቭኮት የተባሉት ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች፣ አንዱ ደብዳቤ በማመላለስ፣ ሌላው በማኖር፣ በብዙ አገር ያሉ ሰርቨሮችን ያገለግላሉ። በአገራችን መስመር ሲቋረጥም ይህ አሠራር አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ተቀባዩ ባይገኝ የላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን በተራ ይዞ፣ ቢያንስ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ያህል እየደጋገመ እንዲሞክር ደንቡ ይመክራል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል እንደ ቆየው ያለ መቋረጥ ሲሆን ግን ደብዳቤው ወደ ላኪው መመለሱ አይቀርም።

ነጋዴው የራሱን የደብዳቤ ሰርቨር ይትከል ወይ ለሚለው፣ የእኛ አስተያየት አይትከል የሚል ነው። ታላላቆቹ የደብዳቤ ድርጅቶች ከማያውቁት አዲስ ሰርቨር የመጣውን ደብዳቤ በጥርጣሬ ስለሚመለከቱት፣ ለገዢ የተላከ ፕሮፎርማ የቆሻሻ ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ወድቆ ሊቀር ይችላል። የሚበጀው የድርጅቱን የራሱን የኢንተርኔት ስም ማስመዝገብና፣ በይፋ በታወቁት ደንቦች ከሚሠራ አገልግሎት ሰጪ የደብዳቤ ሣጥን መከራየት ነው። አገልግሎት ሰጪው ቢለወጥ አድራሻው አይለወጥም። በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ተንደርበርድ የተባለውን ክፍት ምንጭ የደብዳቤ ፕሮግራም ቢተክሉ የደብዳቤው ሙሉ ግልባጭ በእጅ ይገኛል፤ ፋይሉም የሚጻፈው ሌሎች ፕሮግራሞች ሊያነቡት በሚችሉት መልክ ነው።

የራስ ስም መኖሩ ለሌላም ነገር ይረዳል። በዓለም ላይ ነጋዴን ከሚያጠቁት የማጭበርበር ዘዴዎች አንዱ በደብዳቤ መካከል መግባት ነው። አጭበርባሪው የአንዱን ወገን የይለፍ ቃል ያገኝና፣ በሻጭና በገዢ መካከል የሚመላለሰውን ደብዳቤ ለሳምንታት በዝምታ ሲያነብ ይከርማል። ዋጋው ተስማምቶ፣ ኢንቮይሱ ተልኮ፣ ገንዘቡ ሊተላለፍ ሲል፣ በሻጩ ስም «የባንክ ሒሳባችን ስለ ተለወጠ ክፍያውን በዚህ አዲስ ቊጥር አስገቡልን» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ቋንቋው የሻጩ ነው፤ የኢንቮይሱ ቊጥር ትክክል ነው፤ አድራሻው ግን በአንድ ፊደል ይለያል። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2023 ብቻ በዚህ ዐይነት ማጭበርበር ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ መጥፋቱ እንደ ተነገረው አስታውቋል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚሠራ ነጋዴ ባንኮቹ በመካከል ስላሉ የተሻለ ጥበቃ አለው፤ በቅድሚያ ክፍያና በቀጥታ የባንክ ዝውውር የሚሠራ አስመጪ ግን በር ላይ ዘበኛ የለውም።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ክፍት ምንጭ መሆኑ ብቻውን አያድንም፤ የይለፍ ቃሉን ለማንም የሚሰጥ ሠራተኛ ያለበትን ቢሮ የትኛውም ፕሮግራም አይጠብቀውም። ሆኖም በይፋ የታወቁ መከላከያዎች አሉ። ኤስ ፒ ኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት ሦስት ደንቦች በድርጅቱ የኢንተርኔት ስም ላይ ሲመዘገቡ፣ በዚያው ስም ሐሰተኛ ደብዳቤ የሚልከውን የተቀባዩ ሰርቨር እንዲለየው ያስችሉታል። በአንድ ፊደል የሚለየውን አድራሻ ግን አይዙትም። ከዚያ አልፎ፣ ተንደርበርድ ከ2020 ጀምሮ ኦፕን ፒጂፒ የተባለውን የፊርማና የምስጢር አጻጻፍ በውስጡ ስለያዘ፣ ሁለት ወዳጅ ድርጅቶች አስቀድመው ቁልፍ ተለዋውጠው የሚያደርጉት ደብዳቤ ከማን እንደ መጣ ይታወቃል። ይህ ፊርማ ግን ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የወጣው አዋጅ ከሚጠይቀው የተረጋገጠ ፊርማ ጋር አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል። ከሁሉም በላይ የባንክ ሒሳብ ለውጥ የሚናገር ደብዳቤ ሲመጣ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው የስልክ ቊጥር ደውሎ መጠየቅ ነው፤ ለዚህ ምንም ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ስለ አጫጭር መልእክት ደግሞ አንባቢዎቻችን በየቀኑ በቴሌግራም እንደሚገበያዩበት እናውቃለን። ቴሌግራም በስልክ ላይ የሚጫነው ክፍሉ ሶርስ ኮዱ ለሕዝብ የወጣ ነው፤ መልእክቱ የሚቀመጥበት የሰርቨሩ ክፍል ግን የተዘጋ ነው። ሲግናል በሁለቱም በኩል ጽሑፉን አውጥቷል፤ አገልግሎቱ ግን በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ፣ ያ ድርጅት ከሌለ ሥራው የለም። በሁለቱም ረገድ የኢሜይልን ጠባይ ይዞ የመጣው ማትሪክስ የተባለው ደንብ ነው። በማትሪክስ ማንኛውም ድርጅት የራሱን ሰርቨር ተክሎ፣ ከሌሎች ሰርቨሮች ተጠቃሚዎች ጋር ሊነጋገር ይችላል። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቻፕ የሚባል መነጋገሪያ በዚሁ ደንብ ሠርቶ በ2019 ሥራ አስጀምሯል፤ የጀርመን ጦር ኃይልም ተከትሎታል። ለአንድ ባለ ሱቅ ይህን መትከል ከልክ ያለፈ ይሆንበታል፤ ቅርንጫፍ ላለው አስመጪ፣ ወይም በገጠር ሰብሳቢዎችን ለሚያሰማራ ላኪ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በምስል ለመነጋገር ጂትሲ የተባለውን በራስ ሰርቨር ላይ መትከል ይቻላል፤ የመስመሩ ፍጥነት የሚፈቅድ ከሆነ።

አሁን ወደ ፕሮግራም ሥራ እንምጣ፤ ለአገራችን ነጋዴ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ይመስለናል። በውጭ አገር የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ጳጉሜን አያውቅም። ዓመቱ 12 ወር፣ የመጀመሪያውም ወር ጃንዋሪ ነው ብሎ የተጻፈ ነው። የእኛ ባለ መደብር የቤት ኪራይ በኢትዮጵያ ወር ይከፍላል፣ ደመወዝም በኢትዮጵያ ወር ይሰጣል፣ የጭነት ሰነዱ ግን የአውሮፓን ቀን የያዘ ነው። በዚህ ምክንያት የሒሳብ ሠራተኛው በኮምፒዩተሩ አጠገብ ደብተር ዘርግቶ ቀን ሲለውጥ ይውላል። በተዘጋ ፕሮግራም ይህን ለማስተካከል ለባለቤቱ ደብዳቤ ጽፎ መለመን ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ለአንዲት አገር ብሎ አይደክምም። ክፍት ምንጭ ሲሆን ግን የአገር ውስጥ ባለሙያ ራሱ ያስተካክለዋል። ለዚህም ከባዶ መጀመር የለበትም፤ አይ ሲ ዩ የተባለው በዓለም ዙሪያ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገኘው ክፍት ምንጭ የቋንቋና የቀን መሣሪያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜው ይዟል። ፊደላችንም በ1999 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለ ገባ፣ አቢሲኒካን የመሰሉ በነጻ ፈቃድ የተሰጡ የፊደል ቅርጾችም ስላሉ፣ ደረሰኝና የዕቃ ዝርዝር በአማርኛ ማውጣት የፊደል ችግር የለበትም።

ለዕቃ ቤት፣ ለግዥና ለሽያጭ መዝገብ የሚሆኑ ትላልቅ ፕሮግራሞችም ተዘጋጅተው ይገኛሉ። በሕንድ አገር የተጀመረው ኢአርፒኔክስት በጂፒኤል ፈቃድ የወጣ ነው። ከቤልጅግ የመጣው ኦዱ ግን ሁለት እትም አለው፤ አንደኛው ክፍት ሲሆን ሁለተኛው ተከፍሎበት የሚገኝና የተዘጋ ነው። ስለዚህ አንድ አቅራቢ «ክፍት ምንጭ ነው» ብሎ ሲያቀርብ፣ ነጋዴው የትኛው እትም፣ የትኛውስ ክፍል ነው ብሎ ይጠይቅ። በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በኩል ደግሞ መሣሪያውና በውስጡ ያለው ሶፍትዌር የግብር ሰብሳቢውን መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ማግኘት ስላለበት፣ በዚያ ላይ በገዛ ፈቃድ የሚደረግ ለውጥ የለም።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ጂፒኤል የተባለውን ከተጠቀምኩ መዝገቤን ለተወዳዳሪዬ አሳይ ልባል ነው ወይ?» ሲሉ ይሰማል። አይደለም። ፈቃዱ የሚናገረው ስለ ፕሮግራሙ ጽሑፍ እንጂ ነጋዴው በውስጡ ስለሚያስገባው ሒሳብ አይደለም። የለወጠውንም ጽሑፍ ቢሆን በራሱ ቤት ብቻ እስከ ተጠቀመበት ድረስ ለማንም የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው የሚመጣው ፕሮግራሙን ለሌላ ሲያስተላልፍ ነው። ኤ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ግን የተለወጠውን ፕሮግራም በኢንተርኔት ለሌሎች አገልግሎት ሲያቀርብም ጽሑፉን ለተጠቃሚዎቹ ማቅረብ አለበትና፣ ፈቃዱን ሳያነቡ መጀመር አይገባም። እነዚህ ፈቃዶች የሚቆሙት በቅጂ መብት ሕግ ላይ ሲሆን፣ በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ውስጥ ይቈጥረዋል።

ከዚህ የበለጠ በየሱቁ የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው። ነጋዴው አንድ ወጣት ባለሙያ ጠርቶ የዕቃ መቆጣጠሪያ ያሠራል፤ ሥራውም ያምራል፤ ከዓመት በኋላ ባለሙያው ሌላ ሥራ ያገኛል ወይም ከአገር ይወጣል። የፕሮግራሙ ጽሑፍ በእርሱ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። የታክስ ስሌት ሲለወጥ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት፣ ነጋዴው ዕንጨቱ የራሱ፣ ቁልፉ የሌላ ሰው የሆነ ሣጥን ታቅፎ ይቀራል። መድኃኒቱ ውሉ ላይ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በነጋዴው ስም በተከፈተ የጊት መዝገብ ውስጥ ይግባ፤ የሥራው ክፍያ በየደረጃው ሲከፈልም የተመዘገበው ጽሑፍ እየታየ ይሁን፤ የቅጂ መብቱ ለማን እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ፤ መዝገቡ እንደ ፖስትግሬስ ወይም ማሪያ ዲቢ ባሉ በሰፊው በታወቁ ክፍት ምንጭ የመረጃ ቋቶች ላይ ይሠራ። በጊት መዝገብ ውስጥ ማን ምን እንደ ለወጠ ስለሚታይ፣ ሁለተኛው ባለሙያ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሥራ እንደ ሒሳብ መዝገብ ገጽ በገጽ ሊያነበው ይችላል። ፓይተንን በመሰለ ብዙ ሰው በሚያውቀው የፕሮግራም ቋንቋ ማሠራትም ተተኪ ለማግኘት ይረዳል።

መንግሥትም ቢሆን በዚሁ መንገድ ሲሄድ ይታያል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በሚባል፣ በሕንድ አገር ባንጋሎር በሚገኝ የትምህርት ተቋም በተጀመረ ክፍት ምንጭ ሥራ ላይ ነው።

አደጋውን ሳንናገር ብናልፍ ግን አንባቢውን አላገለገልንም። «ብዙ ዐይን ስለሚያየው ጉድለት አይደበቅበትም» ይባላል፤ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለው፣ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር ከሚጠብቁት ፕሮግራሞች ዋነኛው፣ በ2012 የገባበት ስሕተት እስከ 2014 ድረስ ሳይታይ ኖሯል። ሥራውን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ጥቂት፣ የሚያገኙትም ድጋፍ እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ታላላቅ ኩባንያዎች ግን ሀብታቸውን በእርሱ ላይ አስቀምጠው ነበር። በ2024 ደግሞ ኤክስ ዜድ የተባለ ፋይል የሚያጥፍ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ያህል ታማኝ ረዳት መስሎ የሠራ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሌባ በር አስገባበት። ያወቀበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ባለሙያ ነበር። ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት ከወትሮው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘገየበት፤ ለምን ብሎ ተከታተለ፤ ጽሑፉ ክፍት ስለ ነበረ ሥሩ ድረስ ወርዶ አገኘው፤ መጋቢት 29 ቀንም ለዓለም አስታወቀ። የተበላሸው እትም ገና በሰፊው አልተሰራጨም ነበር። ክፍት መሆኑ ሌባውን አስገብቶታል፤ ክፍት መሆኑ አስይዞታል። ለእኛ የሚታየን፣ ነጋዴው የሚተክለውን በየጊዜው የሚያድስለት ሰው ሳይዝ እንዳይጀምር ነው።

ለውጡ በአንድ ጊዜ በሚደረግበትም ጊዜ መሰናከል አለ። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 ወስና 15,000 ያህል የቢሮ ኮምፒዩተሮቿን ወደ ሊኑክስ ስታዛውር ዐሥር ዓመት ፈጀባት፤ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። የሠራተኞች ቅሬታና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር የሰነድ ልውውጥ አለመስማማት ከሚነገሩት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው፤ ፖለቲካም ነበረበት። በዚያው አገር የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊብረ ኦፊስ ለማዛወር ስትወስን የጀመረችው ከጽሕፈትና ከደብዳቤ ነው።

ለነጋዴውም የሚሻለው በትንሹ መጀመር ነው። አስቀድሞ ያለውን ደብዳቤና የደንበኞች አድራሻ አሁን ካለበት አገልግሎት አውጥቶ በቢሮው ዲስክ ላይ ማኖር፤ ከዚያም ያንኑ ቅጂ በሁለተኛ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ ማንበብ፤ ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም። ደብዳቤው ከተስተካከለ በኋላ ወደ መዝገቡ ይሄዷል። የሒሳብ መዝገብ ለመለወጥ ሰኔ አይመችም፤ የሒሳብ ሠራተኛው በመዝጊያው ተጠምዷል። ቡና ላኪዎችም ጭነቱ በሚበዛባቸው ወራት ባይነኩት ይሻላል። የዕቃ ቆጠራው ተጠናቆ አዲሱ የሒሳብ ዓመት በሐምሌ ሲከፈት፣ የቆጠራውን ውጤት በአዲሱ መዝገብ መክፈቻ ላይ አስፍሮ፣ አሮጌውና አዲሱ ለአንድ ወር ጎን ለጎን ይጻፉ፤ በወሩ መጨረሻ ሁለቱ ድምሮች ካልተገጣጠሙ አሮጌውን መዝጋት አይገባም።